መተንፈሻ መሣሪያው ገባ፤ ትንፋሹስ በየት ይግባ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በዚያ ሰሞን «ቬንትሌተር» የሚባለው ቃል ከሐኪሞች አፍ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳር እየመዘነ «ለመሆኑ ስንት ቬንትሌተር አለን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የታክሲ ረዳቱም፥ የዕድሩ ዳኛም፥ የክፍላችን ኃላፊ መምህርም ስለዚሁ ቁጥር ይነጋገሩ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን ስንሰማ ደነገጥን፤ ከውጭ ዕርዳታ መጣ ሲባል ደግሞ ደስ አለን። ሳጥኖቹ ከአውሮፕላን ሲወርዱ፥ ሰጪና ተቀባይ ሲመሰጋገኑ በቴሌቪዥን አየን።

ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሰን ሳጥኖቹ ወደ ተከፈቱበት ክፍል ገብተናል። ያን ጊዜ ባለሱቁም እኛም ልንጠይቀው ይገባን የነበረው ጥያቄ ሌላ እንደ ነበረ የተረዳነው አሁን ነው።

ቬንትሌተር በራሱ ማንንም አያስተነፍስም። አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው እንጂ አየሩን ከሳንባ የሚያደርሰው ቱቦ ነው። ቱቦው በአፍ ገብቶ፥ ከምላስ ሥር አልፎ፥ በድምፅ አውታሮች መካከል ሾልኮ ወደ አየር ቧንቧ መግባት አለበት። ከጀርባው አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ የምግብ ቧንቧ አለ፤ ቱቦው ወደዚያ ከገባ ማሽኑ በሚሊዮን ብር የተገዛ ቢሆን እንኳ የሚነፋው ሆድ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ማሽን ሳይሆን የሰው እጅ ነው፤ እጁም ጊዜ የለውም፤ አንጎል ያለ ኦክሲጅን የሚታገሠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚጠየቀው «ስንት ማሽን አላችሁ?» አይደለም። ዛሬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቱቦውን የሚያስገባው ማን ነው? በምን ያስገባዋል? መግባቱንስ በምን ያውቃል? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

በሬ ገዝቶ ሞፈርና ቀንበር የረሳ ገበሬ ቢኖር መንደሩ ሁሉ ይሥቅበት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ሰው ሪባን ቈርጦ ንግግር ያደርጋል፤ ይጨበጨብለታልም።

ነገሩን በቃል ብቻ እንዳንተወው ያየነውን እንናገር። ሆስፒታሉን በስሙ አንጠራም፤ የጠራነው እንደ ሆነ ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋልና። ከመካከላችን ሦስታችን ለልምምድ በተመደብንበት በአንድ ሆስፒታል፥ በአንድ የክረምት ሌሊት፥ በሳንባ ምች የተያዘች የአንድ ገበሬ ሚስት ትንፋሿ እያጠረ ሄደ። በአንገቷ ላይ ለዓመታት የቆየ ትልቅ እንቅርት ነበረባት። ከአልጋዋ አጠገብ አዲስ ቬንትሌተር ቆሟል፤ ከመስታወቱ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ ገና አልተላጠም።

ላሪንጎስኮፑ፥ ማለትም ምላስን አንሥቶ ጉሮሮን የሚያሳየው ባለመብራት መሣሪያ ተከፈተ፤ መብራቱ እንዳለቀ ጧፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መለዋወጫ ባትሪ ያለበት መሳቢያ ተቈልፏል፤ ቁልፉ ከክፍሉ ኃላፊ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ኃላፊዋም ቤታቸው ተኝተዋል። (በሳቸው አንፈርድም። ዕቃ ሲጠፋ ከደመወዛቸው የሚቈረጠው እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲሞት ግን ከማንም ደመወዝ የሚቈረጥ የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ቁልፍ ያዥ እንጂ ነፍስ ያዥ አያፈራም።) የአክታ መምጠጫው ሞተር ይሠራል፤ ጫፉ ላይ የሚሰካው ቱቦ ግን የለም። የሰመመን ባለሙያው በዚያ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ስለ ነበር በቀዶ ጥገና ክፍል ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ነበር። ነርሷ በአምቡ ባግ ታስተነፍሳታለች፤ የተገኘው ጭምብል የልጅ መጠን ስለ ሆነ አየሩ በጉንጯ ዳር ይወጣል።

አንዳችን ሮጠን ከቀዶ ጥገና ክፍል ላሪንጎስኮፕ ተውሰን መጣን። ተረኛው ሐኪም ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በሦስተኛው «ገባ» አለ። ደረቷን በማዳመጫ አዳመጠ፤ የሰማም መሰለው። ቱቦው ውስጥ እንፋሎት አየን። ሁላችንም እፎይ አልን። ኦክሲጅኗ ግን መውረዱን አላቆመም፤ ሆዷም መነፋት ጀመረ። ቱቦው የገባው ወደ ምግብ ቧንቧ መሆኑ የታወቀው ልቧ ከቆመ በኋላ ነው።

ሲነጋ ባሏ ጋቢውን እንደ ተከናነበ መጥቶ ጎንበስ አለና «እግዜር ይስጥልን፤ የምትችሉትን አድርጋችኋል» አለን። ያንን ምስጋና ተቀበልን፤ ሌላ ምን እንላለን? በሞት ማስረጃዋ ላይ የተጻፈው «የሳንባ ምች» ነው። «ባትሪ» ተብሎ የሚጻፍበት መስመር በቅጹ ላይ የለም።

ይህን ስንናገር «የአንድ ወጣት ሐኪም ልምድ ማነስ ነው፤ ልምድ ያለው ጆሮ አይታለልም» የሚሉን ታላላቆች አጋጥመውናል። በአክብሮት እንቃወማለን። የደረት ድምፅ ያታልላል፤ ከሆድ የሚመጣው ድምፅ ወደ ደረት ይሻገራልና። የቱቦ እንፋሎትም ያታልላል። የማያታልል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሳንባ በየትንፋሹ ያወጣዋል፤ ሆድ ግን ትንፋሽ በመጣ ቍጥር አያወጣውም። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ እየለካ በየትንፋሹ አንድ ኮረብታ ይሥላል። ኮረብታው ተከታትሎ ከታየ ቱቦው በቦታው ነው፤ መስመሩ ሜዳ ከሆነ ቱቦው የለም ብሎ ማሰብ ይገባል። ልቡ በቆመ ሰው እንኳ ደረቱ በደንብ እየተገፋ ከሆነ ትንንሽ ኮረብታዎች ይታያሉ፤ ስለዚህ «ልቧ ስለ ቆመ ነው መስመሩ የጠፋው» ማለት ማመካኛ አይሆንም። ያን ሌሊት ካፕኖግራፍ ቢኖር ኖሮ ከስድስት ትንፋሽ በኋላ እናውቅ ነበር።

ልምድ ብቻውን እንደማያድን ያስመሰከረው ደግሞ ድሃ አገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሰመመን ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅና የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር ሆነው በመላው የብሪታንያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለአንድ ዓመት የደረሰውን ከባድ የአየር መንገድ አደጋ ሰበሰቡ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አወጡ። 184 አደጋዎች ተመዘገቡ፤ ከነዚህ 133ቱ በሰመመን ጊዜ፥ 36ቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፥ 15ቱ በድንገተኛ ክፍል የደረሱ ነበሩ። በሰመመን ጊዜ አደጋ ከደረሰባቸው መካከል የሞቱትና አንጎላቸው የተጎዳው ከመቶ 14 ነበሩ፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ከመቶ 61። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሞቱት መካከል ከመቶ 70 በሚበልጡት ላይ ካፕኖግራፍ አለመኖሩ ወይም በአግባቡ አለመሠራበቱ ድርሻ እንደ ነበረው ተረጋገጠ። እነዚያ ሐኪሞች ጆሮ አልነበራቸውምን? ነበራቸው። መብራትና ባትሪም ነበራቸው።

በዚያው ጥናት ሌላም ትልቅ ነገር ተገለጠ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አደጋው ቱቦ በሚገባበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ለቀናት ለሳምንታትም ቱቦውን ይዞ ይተኛል፤ ጎኑ ሲገለበጥ፥ ገላው ሲታጠብ፥ ለራጅ ሲወሰድ ቱቦው ይንሸራተታል። በአንገት ተቀዶ የገባም ቢሆን ይወጣል። ስለዚህ ቱቦውን አስገብቶ የሄደው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የምታድረው ነርስ ቱቦ ሲወጣ ምን እንደምታደርግ ማወቅ አለባት። በእኛ አገር ይህን ለነርሶቹ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ክፍሉ ውስጥ ሲመደቡ የሚሰጣቸው ሥልጠና ከቀድሞዋ ነርስ የሚቀበሉት ቁልፍና የንብረት መዝገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት በ29 አገሮች ከባድ ሕመም ይዟቸው ቱቦ የገባላቸውን ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ተከታተለ። ከመቶ 45 የሚሆኑት በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል፤ ከመቶ 3ቱ ልባቸው ቆሟል። እንግዲህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ጉሮሮ የቀዶ ጥገና ክፍል ጉሮሮ አይደለም። በቀዶ ጥገና ክፍል የሚተኛው ጦሙን ያደረ፥ ደሙ የተመረመረ፥ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ነው። በዚህኛው ክፍል የሚተኛው አስቀድሞ የታፈነ፥ የደም ግፊቱ የወረደ፥ ሆዱ ባዶ ያልሆነ ሰው ነው። ታዲያ በየትኛው ሎጂክ ነው ቀላሉ ለሠለጠነው፥ ከባዱ ለጀማሪው የሚሰጠው?

ደግሞም በእኛ አገር የአየር መንገድ አስቸጋሪነት የራሱ መልክ አለው። የምናነበው መጽሐፍ በውፍረት ምክንያት ስለሚቸግር ጉሮሮ ብዙ ገጽ ይጽፋል፤ መልካም ነው። የእኛ ደገኛ እናት ግን የምትመጣው የአየር ቧንቧዋን ወደ ጎን የገፋ እንቅርት ይዛ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ምድጃ ላይ ወድቆ፥ አገጩ ከደረቱ በጠባሳ ተጣብቆ አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶት ይመጣል። የመንጋጋ ዕጢ ያለበት ሰው በጸበልና በመንገድ ርቀት ሁለት ሦስት ዓመት አሳልፎ፥ ዕጢው አፉን ሞልቶት ይመጣል። ይህን ሁሉ የትኛው መጽሐፍ ነው ስለ እኛ የሚጽፍልን? መምህሮቻችን ያዩትን ቢጽፉልን፥ እኛም ብናባዛው፥ ይህች ሮኔዮ ከስብሰባ ጥሪ የተሻለ ቁም ነገር ትሠራ ነበር።

አሁን ወደ ታወቀው መልስ እንምጣ። «ድሃ አገር ነን» ይባላል።

ድህነታችንን አንክድም፤ ነገር ግን ድህነት ስንል ምን እንደምንገዛና ምን እንደምንተው እንይ። ባትሪ በየሱቁ አለ። ቡጂ የሚባለው፥ ቱቦው ሲያስቸግር ቀድሞ የሚገባ ቀጭን ለስላሳ ዘንግ፥ ከአንድ ቬንትሌተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ከምንም የሚቈጠር አይደለም። የአዋቂ ጭምብል በሦስት መጠን መያዝ፥ የመምጠጫ ጫፍ መያዝ፥ ከድህነት ጋር ምን ያገናኘዋል? የጨረታ ሰነድ ላይ «ቬንትሌተር፥ ብዛት ይህን ያህል» ብሎ የጻፈው እጅ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሮ «ከካፕኖግራፍና ከሁለት ዓመት መለዋወጫ ጋር» ብሎ ለመጻፍ የቸገረው ቀለም ነውን? ማላዊ ከእኛ የበለጸገች አይደለችም። በዚያ አገር 40 ካፕኖግራፎች ለሆስፒታሎች ታድለው የሰመመን ባለሙያዎቹም አጠቃቀሙን ተምረው በስድስት ወር ውስጥ 44 ጊዜ ቱቦ ወደ ምግብ ቧንቧ መግባቱን በመሣሪያው እንደ ደረሱበት ተናግረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። አርባ አራት ጊዜ! የእኛዋ የገበሬ ሚስት በማላዊ ብትታመም ኖሮ ብለን ማሰብ ግድ ሆኖብናል።

የድህነቱ ነገር ከተነሣ ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ራሱ እንዴት እንደ ተወለደ እናስታውስ፤ ታሪኩ ተማሪን የሚመለከት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። የብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው አንድ የብረት ሳንባና ስድስት ደረት ላይ የሚታሠሩ መተንፈሻዎች ብቻ ነበሩ። መተንፈስ ካቃታቸው ከመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ተጠራ። ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገት ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ፤ ኢብሰንም በጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት፤ ልጅቱም ዳነች። ዘዴው ግን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሌትና ቀን የሚጨምቅ እጅ ይፈልጋል። እጁ ከየት ይምጣ? ከዩኒቨርሲቲው መጣ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ ለወራት ከረጢት ጨመቁ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሕሙማን በእጅ ይተነፍሱ ነበር። ከሚሞቱት ይልቅ የሚተርፉት በዙ። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ኢብሰን በዚያው ከተማ የመጀመሪያውን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ።

ልብ በሉ፤ ክፍሉ የተወለደው ያለ ማሽን ነው። የተወለደው በትክክለኛ ቦታ ከገባ ቱቦና እንዴት እንደሚጨመቅ ከተማረ እጅ ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ማሽኑን ይዘን እጁን ረሳነው።

«ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚለው ሁለተኛው መልስ ነው። አዎን፥ ተሰጥቷል። ሁለት ቀን በሆቴል አዳራሽ፥ ሻይ ዕረፍት ሁለት ጊዜ፥ አበል በፖስታ፥ በመጨረሻም ፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት። የሠለጠነው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሌሊት የማያድረው ነው። ሌሊት የምታድረው ነርስ ስሟ ከዝርዝሩ አልገባም፤ ገብቶ ቢሆንም በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። በአሻንጉሊት ላይ አንድ ጊዜ ቱቦ ያስገባ እጅ ከዓመት በኋላ ምን ያስታውሳል? በገና መደርደር በሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ተምሬአለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ማን ያምነዋል? የእጅ ሥራ በየሳምንቱ ካልተደጋገመ ይጠፋል። በየሰኞው ጧት፥ በተረኞች መለዋወጫ ሰዓት፥ እዚያው አልጋው አጠገብ ሩብ ሰዓት መለማመድ አበል አያስወጣም፤ ምናልባት የማይወደደውም ለዚሁ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሰመመን ባለሙያዎቻችን ነገር አለ። በአገራችን ሰመመን የሚሰጡት አብዛኞቹ በሙያው በዲግሪ የሠለጠኑ፥ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ናቸው። በየቀኑ ቱቦ የሚያስገቡት እነርሱ ናቸው፤ ከሆስፒታሉ ሁሉ የበለጠ የለመደ እጅ የእነርሱ ነው። ነገር ግን ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ውጭ እምብዛም አይመደቡም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲጠሩ እንደ እንግዳ ይመጣሉ፤ ሐሳብ ሲሰጡ ደግሞ «አንተ ሐኪም ነህ ወይ?» የሚል ፊት ያያሉ። ለምን ከመካከላቸው ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የራሱ ተረኛ አይመደብም? ለምንስ የእኛ አስተማሪዎች አይሆኑም? ክብር የሚቀንስብን ከሚያውቅ መማር ከሆነ መጀመሪያውኑ ክብር አልነበረንም።

ይህ የፊት ነገር ቀልድ አይደለም፤ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት ጤነኛ ሴት ለቀላል የአፍንጫ ቀዶ ጥገና ሰመመን ተሰጥቷት አየር መንገዷ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ከበዋት ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። አንዲት ነርስ አንገት የሚቀደድበትን መሣሪያ አምጥታ መቅረቡን ተናገረች፤ ማንም አልተጠቀመበትም። ሌላዋም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስያዘች፤ ምን ያጣድፍሻል በሚል ፊት ስላዩአት አልጋውን መለሰችው። ሴትዮዋ ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። የአውሮፕላን አብራሪ የነበረው ባሏ ከሳሽ ሆኖ ከመቅረት ይልቅ በአብራሪዎች ዘንድ ታናሹ ታላቁን በድፍረት እንዲያስቆም እንደሚሠለጥን ለሐኪሞች ሲያስረዳ ኖረ። በአገሩ ብዙ ነገር ተለወጠ።

እንግሊዛዊቷ ነርስ ዝም ካለች የእኛይቱ ምን ትሁን? እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። «ዶክተር፥ ቱቦው አልገባም» ለማለት ምላሳችን ይተሳሰራል። ያን ሌሊት ሆዷ ሲነፋ ከሁሉ በፊት ያየችው ነርሷ ነበረች፤ በኋላ ነገረችን። «ለምን አልተናገርሽም?» አላልናትም። እኛም አይተን ነበርና።

እስካሁን ሌላውን ወቀስን፤ ፍርዱ በእኛም ላይ ይምጣ። አፍ ሲከፈት በሚታየው የጉሮሮ ክፍል የሚለየውን፥ የተሻሻለውን የማላምፓቲ ባለአራት ደረጃ ክፍፍል ከእንቅልፋችን ብንቀሰቀስ እናነበንባለን፤ ፈተና ላይ ይመጣልና። ላሪንጎስኮፕ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ግን ስንጠየቅ ቀኝ እጃቸውን ያነሡ ባልንጀሮቻችንን አይተናል። (በግራ ነው። ስታነቡ የተሣቀቃችሁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) በዲሞንስትሬሽን ክፍል ያለውን አሻንጉሊት ለመንካት ተሰልፈን፥ ተራችን ሳይደርስ ደወል ሲደወል ደስ ያለንም እኛው ነን። ከዚያ ተመርቀን ወደ ክፍለ ሀገር እንላካለን፤ ሕዝቡም «ዶክተር መጣልን» ይላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንደሚከተለው ነው፤ አንዱም የውጭ ምንዛሪ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ አይደለም፥ ከካፕኖግራፉ በቀር። ካፕኖግራፍ ግን ከእንግዲህ ከቬንትሌተር ተለይቶ አይገዛ፤ ያለ እርሱ የሚመጣ ዕርዳታም ተቀባዩ «ጎድሎታል» ብሎ ይጻፍበት። በየጽኑ ሕሙማን ክፍሉ አንድ ጋሪ ይኑር፤ መሳቢያዎቹ በቁልፍ ሳይሆን በሚቈረጥ ክር ይታሸጉ፤ ክሩ ተቈርጦ ከተገኘ ዕቃው ይሞላ፥ ማንም አይቀጣ። በየፈረቃው ተረኛው መብራቱን አብርቶ፥ መምጠጫውን አስጩኾ ይፈርም። በጋሪው ላይ ሁሉም ዘዴ ሲከሽፍ አንገት የሚከፈትበት ዕቃ፥ ማለትም አንድ ምላጭ፥ አንድ ቡጂና 6 ቁጥር ቱቦ፥ አንድ ላይ ታስሮ ይቀመጥ። ይህን ለመለማመድ የውጭ አሻንጉሊት የለንም የሚል ካለ፥ በበዓል ማግሥት በየሰፈሩ የሚጣለው የበግ ማንቁርት ለዚህ ሥራ የታወቀ መለማመጃ ነው፤ ከመካከላችን ሁለቱ ለፋሲካ ከየቤታቸው ይዘው መጥተው ስድስት ሰዎች ተለማምደውበታል፤ ሽታውን ግን የመኝታ ክፍል ባልንጀሮቻችን ይቅር ይበሉን።

ከመምህሮቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። ማንም የሕክምና፥ የነርስነት ወይም የሰመመን ተማሪ በለመደ ሰው ፊት በጭምብል አስተንፍሶ፥ ቱቦም አስገብቶ፥ የካፕኖግራፍን መስመር አንብቦ ካላሳየ አታስመርቁን። ይህን የምንለው ራሳችንን ጨምረን ነው። ተቃውሞ ስናሰማ የለመዳችሁን ነጥብ እንዲጨመርልን ስንጮህ ነው፤ ዛሬ የምንጮኸው እንዲከበድብን ነው።

የኅብረቱ ጽሕፈት ቤትም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በበሩ አጠገብ አንድ ደብተር በገመድ አሥሮ አስቀምጧል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ፥ በሰው ላይ ስንት ጊዜ ቱቦ እንዳስገባ፥ ስንት ጊዜስ በካፕኖግራፍ እንዳረጋገጠ ቁጥሩን ብቻ ያስፍር። ደብተሩን በሰኔ መጨረሻ ይዘን ወደ ዲኑ እንገባለን። የመጀመሪያውን መስመር የጻፍነው እኛ ነን፤ በሁለተኛው ዐምድ ያሰፈርነው ዜሮ ነው።